ቡፌ የገባው ፓፍ

ዘመነች እጅ የገባ ደህና ነገር ሁሉ መጨረሻው ቡፌ ነው። የቤቴል ክሊኒኳ ሐኪም «ሰማያዊው የአስም ፓፍ ሲያፍንዎት ብቻ ይነፋል፤ ይሄ አዲሱ ግን ጠዋትና ማታ» ብላ ስትሰጣት፣ ቤት እንደገባች አዲሱን ወርቅ ቅብ ካላቸው የእንግዳ ብርጭቆዎች ጎን አስቀመጠችው። ደህና ሆኖ መድኃኒት መንፋት ምን የሚሉት ጥጋብ ነው?

በወሩ ለቀጠሮ ስትሄድ የክሊኒኩን ደረጃ ሦስቴ ቆማ፣ እያለከለከች ወጣች። «ይኸው፣ አንዲት እንኳ አልጎደለችም!» ብላ ፓፉን በኩራት አሳየች።

ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት። «እትዬ ዘመነች፣ ይሄ የሚነፋው እኮ ሕመሙ እንዳይመጣ ነው! በየቀኑ ይንፉት፤ ከነፉ በኋላ ደግሞ በውሃ ይጉመጥመጡ።»

ነገሩ ቢያበሽቃትም ታዘዘች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ እሁድ በቸርች ከወጣቶቹ እኩል እያጨበጨበች ስትዘምር አረፈደች፤ ሰማያዊው ፓፍ ከቦርሳዋ አልወጣም።

በነጋታው ጠዋት አዲሱን ነፋችና ከቡፌው አንዱን ብርጭቆ አውጥታ ውሃ ሞላችበት።

«እማዬ! የእንግዳ ብርጭቆ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች ልጇ ማራናታ።

«እንግዳውን ሃያ ዓመት ጠበቅነው፤ ካልመጣ እኔ ልጉመጥመጥበት!»