ሳይመጣ የመጣው እንግዳ

አሳንሰሩ ሦስተኛ ፎቅን ሲያልፍ ነው ቀጮ የገዛ ፊርማውን ያየው። ከቁልፎቹ በላይ በመስታወት ተሸፍና የተለጠፈች ወረቀት ናት። "ይህን አሳንሰር በቦታው ተገኝቼ መርምሬዋለሁ፤ ለአገልግሎት ብቁ ነው" ትላለች። ከሥር ስሙ ከነአባቱ፣ ያለፈው ወር አስራ ሁለተኛ ቀን፣ ከዚያም ያቺ ጅራተ ረጅም ፊርማው። እዚህ ከተማ እግሩ ሲረግጥ ትናንት የመጀመሪያው ነበር።

"ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?" አሉ ክንዱን ይዘው የቆሙት እማማ። "ከፍታ ትፈራለህ እንዴ ልጄ?"

"ሃያ ዓመት ሊፍት ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ከፍታ ይፈራል?" ብሎ ሳቀ ጎፈሬ።

ጎፈሬ የልጅነት ጓደኛው ነው። ስሙ የወጣለት ተማሪ ሳለ በነበረው የጸጉር ጫካ ነው፤ ዛሬ ራሱ መላጣ ነው፤ ሙያው ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ጸጉር አስተካካይ። እማማ የጎፈሬ እናት ናቸው። ቀጮን እናቱ በሞተችበት ዓመት "ከልጄ ጋር ይደግ፣ ምን ገዶኝ" ብለው ቤታቸው ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ጎፈሬ እዚህ ከተማ ጸጉር ቤት ሲከፍት እናቱንም ይዞ መጣ። ቀጮ ግን "እመጣለሁ፣ እመጣለሁ" እያለ ስድስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር እማማ ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ሲሆኑ እንኳ "እግዜር ይማርዎት" ያላቸው በስልክ ነው። አሁን በስንት ልመና ለቅዳሜና እሁድ መጣ። ትናንት ሙዚየሙንና አሮጌውን ድልድይ ሲያዩ ዋሉ። የዚህን ሕንጻ ሰገነት ግን እማማ "ከቀጮ ጋር ነው የማየው" ብለው እስከዛሬ ሳይወጡበት አቆይተውታል።

የወረቀቷ ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ከሰዓት አለቃው አስራ አንድ የሊፍት ምርመራ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገለት። "የሩቅ ከተሞች ናቸው። ደውለን ጠይቀናል፣ ሁሉም ደህና ይሠራሉ። ፈርምና እንገላገል" አለው። ቀጮ የያዘውን ሻይ እንኳ ሳያስቀምጥ አስራ አንዱንም ፈረመ። የመስክ አበሉንም ተቀበለ። ትናንት ለእማማ ያመጣላቸው ሹራብ የተገዛው ከዚያው ነው። ዛሬ ለብሰውታል።

አስራ አራተኛ ፎቅ ላይ አሳንሰሩ ተንገጫግጮ ቆመ። በሩ ሲከፈት ወለሉ ከውጭው ወለል በሁለት ጣት ከፍ ብሎ ነበር። እማማ ተደናቀፉ፤ ጎፈሬ ፈጥኖ ደገፋቸው።

"ትንሽ ይዘላል እንጂ ምንም አይልም" አለ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ። "ተመርምሯል።"

ወለሉን ስቶ የሚቆም አሳንሰር ፍሬኑ እያለቀ መሆኑን ቀጮ ያውቃል። ሌላ ቦታ ቢሆን ያኔውኑ ያዘጋው ነበር። አሁን ግን እማማን ተከትሎ ወደ ሰገነቱ ወጣ።

"ያ ቀይ ጣራ ይታይሃል? ከሱ ቀጥሎ ያለችው ጸጉር ቤቴ ናት!" አለ ጎፈሬ ከሰገነቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ። "ትናንት የተሻገርነው ድልድይ ደግሞ ያውልህ። እማዬ፣ ሆስፒታሉ ታየሽ?"

"ሆስፒታሉንማ ጠገብኩት" አሉ እማማ። "ወንዙን አሳየኝ።"

ቀጮ "ያምራል፣ ያምራል" ይላል እንጂ ምንም አላየም። ከጀርባው አሳንሰሩ ሰው ያወጣል፣ ሰው ያወርዳል። በተንገጫገጨ ቁጥር ዞር ብሎ በሩን ያያል።

ጎፈሬ ከአጥሩ ወረደ። ወደ ቀጮም ዞረ።

"ሳልጠይቅህ ብተወው ይሻላል ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ሊፍቱ ውስጥ ስምህን አየሁት።"

ቀጮ የሰገነቱን አጥር ያዘ።

"ያለፈው ወር አስራ ሁለት። እማዬ ከሆስፒታል በወጣች በማግስቱ ማለት ነው። ቤታችን ከዚህ አስር ደቂቃ ነው፤ ብቅ እንኳ አላልክም። ደግ አደረግክ፣ ወንድሜ!"

ቀጮ እፎይ አለ፤ እፎይ በማለቱም አፈረ። ጓደኛው የያዘው ያልሠራውን ጥፋት ነው፤ ያልሠራው ደግሞ ከሠራው ያንሳል።

"ሥራ አጣድፎኝ ነው" አለ። "ጠዋት ገብቼ ማታ ተመለስኩ።"

"ደጄ ድረስ መጥተህ?" አሉ እማማ። ቢቆጡ በተሻለው ነበር። የሹራባቸውን ቁልፍ እየነካኩ ወደ ወንዙ ዞሩ። "ይሁን እስቲ። ሥራ ነው፣ ምን ታደርግ።"

ቀጮ የሚመለስበት አውቶቡስ የሚነሳበት ሰዓት ስለተቃረበ ለመውረድ ተሰለፉ። ከፊታቸው ነፍሰ ጡር ሴት ከባሏ ጋር ቆማለች። አሳንሰሩ መጣ፤ በሩ ተከፈተ። አሁን ወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሏል። ባልና ሚስቱ ገቡ። እማማም "በል ደግፈኝ" ብለው ያልዳነውን እግራቸውን አነሡ።

"አይግቡ!" ቀጮ የራሱን ጩኸት ሲሰማ ራሱ ደነገጠ። "እናንተም ውጡ፣ እባካችሁ! ማንም እንዳይገባ!"

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለ ዘበኛው። "ተመርምሯል እያልኩህ! ማነህና ነው የምታዘው?"

ቀጮ መታወቂያውን አውጥቶ ሰጠው። ዘበኛው መታወቂያውን አየ፣ ወረቀቱን አየ።

"ታዲያ የመረመርከው አንተው አይደለህ እንዴ?"

"አልመረመርኩም። ከትናንት በፊት እዚህ ከተማ መጥቼ አላውቅም። ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ነው የፈረምኩት። አጥፋው፣ ወንድሜ።"

ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ወጣች። ዘበኛው ቁልፉን አዙሮ አጠፋው። ከሰልፉ ውስጥ አንዱ "አይ ሰው!" ሲል ተሰማ። ጎፈሬ ግን ከቀጮ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

"ስንወጣ ታውቅ ነበር?"

"ወረቀቱን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ያየሁት።"

"ከሦስተኛ እስከ አስራ አራተኛስ?"

"ዝም አልኩ።"

"እናቴ ክንድህን ይዛ?"

"አዎ" አለ ቀጮ።

"ቆዩማ" አሉ እማማ። "ያን ጊዜ አልመጣህም ማለት ነው?"

"አልመጣሁም፣ እማማ። ዋሸሁዎት።"

ፊታቸው ፈካ። "እኔስ ብዬ ነበር! እዚህ ድረስ መጥቶ እኔን ሳያይማ አይሄድም!"

ቀጮ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከጎፈሬ ንዴት ይልቅ የሳቸው ደስታ አንገበገበው።

ጎፈሬ በደረጃ ለመውረድ ጎንበስ ብሎ እናቱን አዘለ። ቀጮ ሊያግዘው እጁን ሲዘረጋ "ተወኝ!" አለው። ከጀርባው ላይ እማማ አንገታቸውን አሰገጉ።

"ቀጮ፣ አንተ ከፊት ከፊት ውረድ። ብንወድቅ አንተ ላይ ነው የምንወድቀው።"

ቀጮ ቀደመ። አስራ ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ ጎፈሬ እያለከለከ ነበር፤ ቀጮ ደግሞ ስለቀሩት አስር ቅጾች ያስብ ጀመር። አንደኛው የሆስፒታል ነበር። ሌላው የአረጋውያን መኖሪያ። አረፍ ሲሉ ስልኩን አውጥቶ አለቃው ጋ ደወለ።

"እሁድ እኮ ነው፣ ምን ተፈጠረ?" አለ አለቃው።

"ባለፈው ወር ከፈረምኳቸው ሊፍቶች አንዱን አሁን አዘጋሁት። አስር ይቀራሉ።"

"አብደሃል እንዴ? አበሉን በልተህ? እንጀራህ እንዲዘጋ ነው?"

ከበላይ በኩል እማማ "ማነው የሚጮህበት?" ሲሉ ሰማ። ቀጮ ግድግዳውን ይዞ ወደ ቀጣዩ ደረጃ እግሩን ዘረጋ።

"ወረቀት ይያዙ" አለ። "ስማቸውን አንድ በአንድ ልንገርዎት። ካልጻፉ ግን ለየሕንጻው ራሴ እደውላለሁ።"