አባቴ በጎሪጥ ሲያይ

አባቴ ካረፈ ወዲህ ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣ ሁሉ ከእንባው ቀጥሎ የሚያነሳው የጋሽ መገርሳን ኩርፊያ ነው። ሳልረሳው ልጻፈው።

አባቴ ገብረጻድቅ ባቡሩ በሚመላለስበት ዘመን አቃቂ ጣቢያ ሃዲድ ፈታሽ ነበር። ጋሽ መገርሳ ደግሞ ባንዲራ እያውለበለበ ባቡር የሚያሳልፍ ጓደኛው። አባቴ ጡረታ ሊወጣ ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት "ሃዲዱ ተጣሟል!" እያለ እየሮጠ መጣ። ጋሽ መገርሳ አላመነታም፤ ቀዩን ባንዲራ ዘርግቶ ከድሬዳዋ የመጣውን ባቡር ቀጥ አደረገው። ተሳፋሪው ወርዶ፣ አለቆቹ ተንበርክከው ቢለኩ ሃዲዱ ምንም አልሆነም። የተጣመመው የአባቴ እይታ ኖሯል።

ሰው ሁሉ ጋሽ መገርሳን "ዛሬስ ምኑ ተጣመመ?" እያለ ሲያሾፍበት ከረመ። ይህን ችሎ ነበር። ያልቻለው አባቴ ገበያ መሃል ፊት ለፊት ተገጣጥመው ሰላም ሳይለው ማለፉን ነው።

"ዓይኑ ደክሞ ነው" ብንለው አልሰማም።

"ምን ደክሞ! በዚያው ቅጽበት ከጎኑ ጎመን ልትበላ የተጠጋችውን ፍየል በከዘራው አላባረረም? ፍየል አይቶ እኔን የሚያጣኝ ምን ዓይነት ዓይን ነው?"

ከዚያ ወዲያ ቤታችንን አልረገጠም። አባቴ መብላትም መተኛትም አቃተው። ይዤው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

"የእርጅና ሕመም ነው አባባ" አለችው ሐኪሟ። "ከዓይንዎ ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን መሃሉ ተጎድቷል። ቀጥ ያለው ነገር የተጣመመብዎትም ለዚህ ነው። ዳር ዳሩ ደህና ነው፤ ፍየሏን ያዩት በእሱ ነው። የጠፋውን የሚመልስ መድኃኒት የለኝም። እንዳይብስ ግን ሲጋራ ያቁሙ፣ ጎመን ያዘውትሩ። ሰው ሲያዩ ደግሞ ፊትዎን መለስ አድርገው በዓይንዎ ዳር ይዩ።"

አባቴ ደነገጠ። "በጎሪጥ ልይ? ልጄ፣ እኔ እኮ የተከበርኩ ሰው ነኝ!"

አቶ ፈየራ የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ መገርሳን ለዕርቅ እየጎተቱ አመጡልን። አባቴ ጓደኛውን ለማየት ከመጓጓቱ የተነሳ እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰና በዓይኑ ጥግ አየው።

ጋሽ መገርሳ ተንጨረጨረ። "ይኸው! ያኔ ናቀኝ፤ አሁን ደግሞ ሽማግሌ ፊት ይገላምጠኛል!"

"ቁጭ በል አንተ! ካልገላመጥኩህ አላይህም። ቀጥ ብዬ ሳይህ ኮትና ባርኔጣ ነህ፤ ፊት የለህም።"

"ይህንንም ሐኪም አዘዘ በለኛ!"

"አዛለች፣ ጋሼ" አልኩ።

"ጎመንም አዛለች" አለ አባቴ በኀዘን።

አቶ ፈየራ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። ጋሽ መገርሳ ግን የበሩን እጀታ ያዘ።

"አትሂድ" አለ አባቴ። "ፊትህን ካየሁት ቆየሁ። ትንሽ ቁምልኝ።" አንገቱን ይበልጥ አዞረ። "ምነው መገርሳ፣ የፊት ጥርስህ የት ሄደ?"

ጋሽ መገርሳ አፉን በእጁ ከደነ። ጥርሱ የወለቀው በኩርፊያው መሃል ነው፤ ለማንም አላሳየም፤ ከንፈሩን ገጥሞ ነበር የሚያወራው።

"ማን ነገረህ?"

"ማን ይነግረኛል? ስትጮህብኝ አየሁት።"

ጋሽ መገርሳ እጀታውን ለቀቀ። ከዚያ ክፍተቱን ሳይሸፍን ሳቀ፤ ተመለሰ።

"በየት በኩል ነው ደህና የምታየኝ?"

"በግራ።"

ወንበሩን አንስቶ ከአባቴ ግራ አስቀመጠና ተደላድሎ ተቀመጠ።

"በል እንግዲህ፣ እስኪበቃህ ገላምጠኝ።"