ባዶ እጁን የሚሮጠው

«ኳሷን ሆድህ ላይ አስቀመጥኳት ማለት ሰጠሁህ ማለት አይደለም! ስንት ጊዜ ልንገርህ?» ካላሃን የራስ ቁሩን አግዳሚው ላይ ወረወረው።

«ክፍተቱን አየሁታ! በር የሚያህል ክፍተት!» አለ ቶሊቨር።

«እሱን የማየው እኔ ነኝ። አንተ የምታየው ከፊትህ ያለውን ሰውዬ ቂጥ ነው።»

መልበሻ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቶሊቨር ግን አልሳቀም። አራት ዓመት በአንድ ክፍል አብረው ቢኖሩም ካላሃን በሰው ፊት እንዲህ ተናግሮት አያውቅም።

የጦር አካዳሚው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን እንደ ሌሎቹ ኮሌጆች ግዙፍ ልጆች ስለሌሉት የሚያሸንፈው በማታለል ነው። ካላሃን ሞላላዋን ኳስ ተቀብሎ ቶሊቨር ሆድ ላይ ይለጥፋትና አብሮት ሁለት እርምጃ ይሮጣል፤ ዓይኑ ግን ዳር ላይ ከቆመው ተከላካይ አይነቀልም። ተከላካዩ ወደ ቶሊቨር ከዞረ ኳሷን መዝዞ በዳር ያመልጣል፤ ካልዞረ ይተውለታል። ቶሊቨር ክንዱን አላልቶ፣ ይኑራት አይኑራት ሳያውቅ፣ መሃል ለመሃል መግባት ነው ሥራው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ክንዱን ጨመቀ። ሁለቱ ሲጓተቱ ኳሷ ወደቀች፤ ከስምንት ድል በኋላም የመጀመሪያው ሽንፈት መጣ።

የቀረው አንድ ጨዋታ ነው፤ ከባሕረኞቹ አካዳሚ ጋር። ከዚያ በኋላ ቶሊቨር ምክትል መቶ አለቃ እንጂ ተጫዋች አይሆንም።

አሰልጣኝ ሃስኪንስ በሩ ላይ ቆሙ። «ቶሊቨር፣ እስከ ሐሙስ ክንድህን ካላላላህ ፒተርሰን በቦታህ ይገባል።»

«እንዳለችኝ ሳላውቅ እንዴት ነው የምሮጠው፣ አሰልጣኝ?»

«እንዳለችህ ሆነህ።»

በማግስቱ ካላሃን ሜዳ ላይ ጠበቀው። «ጨፍን፣ አንተ ኮርማ!»

ቶሊቨር ጨፍኖ ሮጠ። አርባ ጊዜ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ካላሃን ከኋላው «ባዶ ነህ! … ሞልተሃል! … አሁንም ጨመቅካት፣ የፍቅረኛህ ወገብ መሰለችህ እንዴ?» እያለ ይጮኻል። ሐሙስ ዕለት ሃስኪንስ ቆመው አዩት። ፒተርሰንን ወደ ተጠባባቂዎቹ መለሱት።

ቅዳሜ ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት የጦር አካዳሚው በሦስት ነጥብ እየተመራ ነው። ኳሷን ይዞ ለተሻገረው ስድስት ነጥብ ወደሚያስገኘው መስመር ሦስት እርምጃ ቀርቷል።

ኳሷ ሆዱ ላይ አረፈች። ፊት ለፊቱ ክፍተቱ ተከፈተ፤ ዘንድሮ ከታዩት ሁሉ ሰፊው። ቶሊቨር ክንዱን አላልቶ ባለ በሌለ ጉልበቱ ገባ። ሦስት ባሕረኞች ተከመሩበት። ከላዩ ያለው በሁለት እጁ ብብቱን ይበረብር ጀመር።

«የት አለች?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለ ቶሊቨር፣ አፉ ሣር እንደሞላ።

የሜዳው ጩኸት መለሰላቸው። ካላሃን ከመስመሩ ማዶ፣ ጥግ ላይ፣ ኳሷን ከፍ አድርጎ ቆሟል።

በልማዱ መሠረት ሁለቱም ቡድኖች መጀመሪያ ከተሸናፊዎቹ ደጋፊዎች ፊት ተሰልፈው የእነሱን መዝሙር አብረው ዘመሩ፤ ቀጥሎ ከአሸናፊዎቹ ፊት። ቶሊቨር በሰለለ ድምፁ ከማንም በላይ ጮኾ ዘመረ። መዝሙሩ ሲያበቃ ዕጩ መኮንኖቹ ከመቀመጫቸው ጎርፈው ሜዳውን ሞሉት፤ ካላሃንን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ስሙን ይጠሩ ጀመር። ሃስኪንስ ባርኔጣቸው ወድቆ ይስቃሉ። ቶሊቨር የትከሻ መከላከያውን ፈታ፣ እንደ ኳስ ብብቱ ሥር ሸጎጠው፤ በሰዎቹ መሃል ትከሻውን እያስቀደመ አልፎ ወደ መልበሻ ክፍሉ መተላለፊያ ገባ።