ነጭ የተቀባው ጥድ

1

ረድፍ፦ 14
ዛፍ፦ 31
ዓይነት፦ የፈረንጅ ጥድ
የተተከለበት ዓመት፦ 1989 ዓ.ም.
ሁኔታ፦ ጤነኛ
ቀለም፦ ነጭ
የመርማሪዋ ስም፦ ይመኙሻል ታፈረ

ከላይ ከተጻፈው ውስጥ ውሸት አለ። አንባቢ ሆይ፣ ፈልገህ አግኝ ብዬ አላደክምህም፤ አምስተኛው መስመር ነው። ስድስተኛው ተባባሪው ነው። የቀረው ሁሉ እውነት ነው፣ በተለይ ስሟ።

2

ጭጋጉ ከደኑ የሚወጣው ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን ነው። እስከዚያ ድረስ ጥዶቹ ከወገባቸው በላይ የሉም። በግንዶቹ መካከል የሚሄድ ሰው ጣሪያው የጠፋ ቤት ውስጥ የሚንጎራደድ ይመስለዋል። ይመኙሻል ይህን ሰዓት ትወደዋለች። በአንድ እጇ ሁለት ጣሳ ቀለም አንጠልጥላ፣ በሌላው ገጀራ ይዛ ከዛፍ ዛፍ ትሄዳለች። ነጭ የተቀባ ይቆያል። ቀይ የተቀባ ይነቀላል።

ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሠላሳውን የኖረችው በዚሁ ደን ልማት ካምፕ ነው። ችግኝ አፍልታለች፣ ጉድጓድ ቆፍራለች፣ አርማለች። አሁን ደግሞ በገዛ እጇ ያሳደገችውን እየዞረች ትፈርድበታለች። «እንደ ድመት የወለድኩትን አስበሉኝ» እያለች ትቀልዳለች፤ ሳቋ ግን አጭር ነው።

3

በሽታውን ለማወቅ፦

ከዛፉ ግርጌ ተንበርከክ። ማር የመሰለ እንጉዳይ በቅሎ እንደሆነ እይ፤ ባይበቅልም አትደሰት። ልጡን በገጀራው ጫፍ፣ ጣት በሚያስገባ ልክ ሰንጥቀው። እንጨቱ እርጥብና ንጹሕ ከሆነ ነጭ ቀባ። በልጡና በእንጨቱ መካከል እንደ ባዘቶ የሳሳ ነጭ ነገር ተነጥፎ ካገኘህ፣ የእንጉዳይ ሽታም ከሸተተህ፣ ዛፉ ቆሞ ሞቷል። ቀይ ቀባ።

ቅጠሉን አትመን። ለቅጠል ወሬው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

በሽታው የሚሄደው ከመሬት በታች ነው፤ የጫማ ክር የሚመስል ጥቁር ክር ከሥር ወደ ሥር እየላከ። ስለዚህ ዛፉን መቁረጥ ብቻ አይበቃም። የዚህ ታሪክ ጭንቀት በሙሉ ያለው በሚቀጥለው መስመር ላይ ስለሆነ ለብቻው ጽፌዋለሁ።

ሥሩም ይወጣል።

4

ከዚያ በኋላ ያለው ሕልም ይመስላል። የማሽኑ ነጂ ከድር በእስካቫተሩ ዛፉን ከነጉቶው ያነሣዋል። ግንዱም ሥሩም መፍጫ ይገባል፣ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ በሚሽከረከር ትኩስ በርሜል ውስጥ ይደርቅና በብረት ቀዳዳ ተጨምቆ የጣት ጫፍ የምታክል ሞቃት ፍሬ ሆኖ ይንጠባጠባል። ፋብሪካው ፔሌት ይለዋል። የካምፑ ሰው ቆሎ ይለዋል፤ የማይበላ ቆሎ። በጆንያ ታስሮ ወደ ከተማ ይሄዳል፣ እዚያም በከሰልና በናፍጣ ፈንታ እየነደደ ዳቦ ይጋግራል፣ ክር ያቀልማል ይባላል። ያየ የለም።

አየሩ ሁሉ የጥድ ዱቄት ነው። ፀሐይ ስትገባበት ወርቅ ይመስላል። ሰዎች ማታ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ልብሳቸውን ሲያራግፉ ከላያቸው ደን ይወርዳል። የሃያ ሰባት ዓመት ዛፍ ቆሎ ለመሆን አንድ ሰዓት አይፈጅበትም።

5

የካምፑ ሰው ከየአገሩ የተሰባሰበ ነው። ቤቱ የድርጅቱ፣ መሬቱ የድርጅቱ፣ ደጁ ሳይቀር የድርጅቱ ነበር። ታዲያ ልጅ ሲወለድ እትብቱ የት ይቀበር? አባቶች በዚያ ሳምንት ከተከሉት ችግኝ ግርጌ መቅበር ጀመሩ። ማንም አላወጀውም፤ ልማድ ሆኖ ቀረ። የካምፑን ልጅ «አገርህ ወዴት ነው?» ካሉት ረድፍና ቁጥር የሚናገረው ለዚህ ነው።

የይመኙሻል ልጅ የስንዱ አገር ረድፍ አሥራ አራት፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ ነው።

6

እዚህ ላይ የሚጻፈውን ይመኙሻል ለማንም ተናግራው አታውቅም። ስለዚህ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ።

መንታ ነበሩ።

ሴቷ ጠንካራ ነበረች። ወንዱ ግን ጡት ሲይዝ ይደክመው ነበር። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ እሱ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን አረፈ። ላልተጠመቀ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቦታ የለም ተባለ። አባቱ ደምሰው በነጠላ ጠቅልሎ፣ ጭጋጉ ሳይነሣ ይዞት ወጣና ሁለቱ እትብቶች ከተቀበሩበት ችግኝ ግርጌ አስተኛው። ድንጋይ አላስቀመጠም። ምልክቱ ችግኙ ነበር።

«ለልጅቱ እንዳትነግሪያት» አላት ተመልሶ። «መንታ መንታውን ይጠራል።»

ደምሰውም ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ምስጢሩን ለሷ ብቻ ትቶላት ሄደ፤ ብቻውን የሚያዝ ምስጢር ደግሞ ይከብዳል።

እንግዲህ ያ ጥድ ለሌላው ሰው ዛፍ ነው። ለይመኙሻል የልጇ መቃብር ነው። ሥሩ ሲነቀል ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ ከመፍጫውም በኋላ የማን እሳት ውስጥ እንደሚገባ እያሰበች ስንት ሌሊት ሳትተኛ እንዳደረች እሷና አምላኳ ያውቃሉ።

7

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በኅዳር፣ ተንበርክካ ሰነጠቀችው።

ባዘቶ።

ጣቷ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ልጡን ወደ ቦታው መለሰችና በመዳፏ ጫነችው፤ በላዩም ጭቃ መረገችበት፣ የተኛ ሕፃን እንደምታለብስ እናት ቀስ ብላ። ነጩን ጣሳ ከፈተች።

ረድፍ፦ 14
ዛፍ፦ 31
ሁኔታ፦ ጤነኛ

በዓመቱ፦

ረድፍ፦ 14
ዛፍ፦ 31
ሁኔታ፦ ጤነኛ

8

ዘንድሮ ደግሞ በሽታው የጎረቤቷ የእታገኝ ልጅ ዛፍ ላይ ደረሰ፤ ረድፍ አሥራ ሦስት፣ ቁጥር ሠላሳ።

«እትዬ ይመኙሻል፣ በሞቴ፣ እለፊልኝ» አለቻት እታገኝ። «አንድ ዛፍ ምን ይጎዳል?»

«ዛፍ ዛፍ ነው፣ እታገኝ። እትብቱ አፈር ከሆነ ስንት ዘመኑ።»

«አንጀትሽ እንዴት ቻለ?»

«ካልቻለ ደኑ ያልቃላ።»

ይህን ስትል ፊቷ አልተለወጠም። በሽታው ከየት እንደመጣ ግን ታውቅ ነበር። ቀዩን ስትቀባ ቀለሙ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። አፈረች። ከሰው ይልቅ ከዛፉ አፈረች።

9

ስንዱ ከካምፑ ትምህርት ቤት ተነሥታ የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ ሆናለች። የነቀላውን ትዕዛዝ የምትፈርመው እሷ ናት። ቢሮዋ ከተማ ነው፤ እናቷ በምትሞላው ቅጽ ተማምና ከሩቅ ትሠራለች። ባለፈው ማክሰኞ ካርታ ይዛ መጣች። ንግግሩ ቃል በቃል ይኸው፦

ስንዱ፦ እማዬ፣ እስቲ ነይ ይቺን እይልኝ። ቀዮቹ ነጥቦች አንቺ ቀይ የቀባሻቸው ናቸው።

ይመኙሻል፦ ዓይኔ ደክሟል፣ አይታየኝም።

ስንዱ፦ ቅድም በመርፌ ቀዳዳ ክር ስታስገቢ አልነበር?

ይመኙሻል፦ መርፌ ሌላ።

ስንዱ፦ ክብ ሠርተዋል፣ አየሽ? ይሄ በሽታ ከአንድ ዛፍ ተነሥቶ ዙሪያውን ነው የሚበላው። መሃል ያለው ነው መጀመሪያ የሚታመመው።

ይመኙሻል፦ እህ።

ስንዱ፦ እዚህ ግን መሃሉ ላይ አንድ ነጭ አለ።

ይመኙሻል፦ እግዜር ያተረፈው ይሆናላ።

ስንዱ፦ እማዬ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። የኔ ነው።

ይመኙሻል፦ (ካርታውን ማጠፍ ትጀምራለች)

ስንዱ፦ ለኔ እትብት ብለሽ ሃያ ሦስት ዛፍ አስጨረስሽ? እኔ ይኸው በእግሬ ቆሜ የለም ወይ? እታገኝን ምን ብዬ ነው ዓይኗን የማየው?

ይመኙሻል፦ ላንቺ ብዬ አይደለም።

ስንዱ፦ ታዲያ ለማን ብለሽ ነው?

10





11

አሥረኛው ቁጥር ባዶ የሆነው ተረስቶ አይደለም። ከካምፑ ቢሮ እስከ ረድፍ አሥራ አራት የሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ እናትና ልጅ ሳይነጋገሩ ሄዱት።

ከጥዱ ሥር ሲደርሱ ይመኙሻል ተናገረች። ሳታለቅስ፣ ሳታስረዝም ተናገረች። ስንዱ ግንዱን ደግፋ ሰማቻት።

«ስንት ቀን ቆየ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ሁለት ቀን ቀርቶት!»

«ሁለት ቀን ቀርቶት።»

«ልጅ ሆኜ እዚህ ሥር እንቅልፍ ሲወስደኝ ትገርፊኝ ነበር።»

«ፈርቼ ነው። ይወስድሻል ብዬ።»

ስንዱ ተናደደች፤ ንዴቷ ግን የሚያርፍበት አጣ። አባቷ የለ፣ እናቷን ደግሞ እንዲህ ትንሽ ሆና አይታት አታውቅም። ጭጋጉ ከላያቸው ቀስ እያለ ይተናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥዱ እስከ ጫፉ ታየ። ጫፉ ቢጫ ሆኗል።

«ከረድፍ አሥራ ሰባት ወዲያ ስምንት ሺህ ዛፍ አለ» አለች ስንዱ። «እስካሁን ንጹሕ ነው። ይሄ ከቆመ እስከ ክረምት ድረስ ይገባበታል።»

«አውቃለሁ።»

«ማሽን አይነካውም። እኔና አንቺ በእጃችን እንቆፍራለን። ካገኘነው እናነሣዋለን፣ የሚያርፍበት ቦታ አላጣለትም።»

«ካላገኘነውስ?»

ስንዱ የዚህን አፈር ጠባይ ታውቃለች። የሕፃን አጥንት በውስጡ ስንት ዓመት እንደሚቆይም ታውቃለች። ባለሙያ መሆኗን የዚያን ቀን ጠላችው።

«ካላገኘነው፣ እማዬ፣ እሱ ጥዱ ውስጥ ነው ማለት ነው።»

12

ቀይ።

ይመኙሻል ራሷ ቀባችው፤ ዙሪያውን፣ ሳትቸኩል። ከዚያም በቀጥታ እታገኝ ቤት ሄዳ በሩ ላይ ቆመችና የልጇን ዛፍ የገደለው የሷ ውሸት እንደሆነ፣ ለምን እንደዋሸችም ነገረቻት። እታገኝ ወደ ውስጥ ገባች። ይመኙሻል በሩ ይዘጋብኛል ብላ ስትጠብቅ፣ እታገኝ ዶማ ይዛ ወጣች።

ከድር ሞተሩን አጥፍቶ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ሦስቱ ሴቶች በየተራ ቆፈሩ። ጥቁር ክር አወጡ፣ የበሰበሰ ሥር አወጡ፣ ከሥሩ መካከል አፈር በመዳፋቸው እየዘገኑ በጣታቸው አበጠሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አንድም አጥንት፣ አንድም የነጠላ ጥለት አላገኙም። ከዚያ ጥዱ በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳይገፋው፣ ቀስ ብሎ ተጋደመ።

ይመኙሻል ጉድጓዱን ሳይሆን ጥዱን አየችው። ሃያ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። ሠላሳ ስምንት ቀን ብቻ የኖረ ልጅ ይህን ያህል ያድጋል ብላ አስባ አታውቅም። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ለቅሶው ሃያ ሰባት ዓመት የቆየ ነበር።

«ወደ መፍጫው ይሂድ?» አለ ከድር፣ ቆቡን አውልቆ። «እናንተ ካላችሁ ግን እዚሁ ለብቻው አቃጥለዋለሁ።»

«ይሂድ» አለች ይመኙሻል። «ለብቻው አይሁን። ከሌሎቹ ጋር ይሂድ።»

13

ከድር ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል ስንዱ እጇን አንሥታ አስቆመችው።

«እማዬ፣ ስሙ ማን ነበር?»

«ያልተጠመቀ ልጅ ምን ስም አለው?»

«የክርስትናውን አይደለም የጠየቅሁሽ። እቤት ውስጥ፣ ጡት ስትሰጪው፣ ማን እያልሽ ነበር የምትጠሪው?»

ይመኙሻል በጭቃ እጇ አፏን ያዘች። ነበረው፤ ስም ነበረው። ደምሰው ከቀበረው ቀን ጀምሮ በልቧ እንጂ በከንፈሯ አውጥታው አታውቅም። እታገኝ ዶማዋን ተደግፋ ቆመች።

ይመኙሻል እጇን ከአፏ አነሣች። በተጋደመው ጥድ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ልጅ ከእንቅልፉ በሚጠራበት ድምፅ፣

«                    » አለችው።

ስንዱም ስሙን ተቀብላ፣ ከእናቷ ይልቅ ጮክ ብላ፣

«                    »