ውስጥ እግሬን የሚያይልኝ

«እማማ፣ ማታ ማታ ውስጥ እግርዎን የሚያይልዎት ሰው አለ?» አለኝ ነርሱ። ስኳሬ ጣራ ነክቷል፤ የደሜ ስብም ተከትሎት ወጥቷል። እግርዎ ስለደነዘዘ ቢቆስልም አይሰማዎትም፣ ቁስሉ ሳይታይ ከሰነበተ እስከ መቆረጥ ያደርሳል አለኝ። ይሄን ሁሉ ሲያወራ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ላይ አልነቀለም። ደግሞ እማማ ይለኛል፤ ማን እናቱ አደረገኝ?

«ሞልቶ!» አልኩት። ወይ መሙላት! ብቻዬን ነኝ ማለት አሳፍሮኝ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳው ሱሪ የሚያሳጥር ደንበኛ ብቻ ነው፤ እሱም ደጃፍ ላይ ቆሞ ልብሱን ተቀብሎ ይሄዳል። ልጄ ባሕር ማዶ ናት። ስትደውል «እንደ ብረት ነኝ» እላታለሁ። ታዲያ በስልኩ እግሬን ደቅኜ እንቅልፍ ልንሳት?

ክኒኔን ግን አልዘልም። ጣፋጩንም ቅባቱንም እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ፤ ሲመሽ የምኖርበትን ሕንፃ በእግሬ እዞራለሁ። መስታወት መሬት ላይ አስቀምጬ እግሬን ልይ ብል ወገቤ እምቢ አለኝ፤ ዓይኔም ደክሟል፣ የማየው ሁሉ ጭጋግ ነው። ተናድጄ ተውኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት የቀሚስ ጠርዝ ስሰፋ ቆይቼ ቀና ብል፣ ከስፌት መኪናዬ እስከ ጓዳ ድረስ ወለሉ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ተንጠባጥቧል። ጠዋት የወለወልኩት ወለል! «ማነው ቤቴን እንዲህ ያጨማለቀው?» ብዬ ጮህኩ። ቆም ብዬ ሳስበው ትናንትም ዛሬም ሰው አልገባም። በዚህ ቤት ከኔ እግር ሌላ የሚሄድ እግር የለም።

እግሬን ቢቆርጡት መኪናዬን በምን እረግጣታለሁ? ምን ሠርቼስ እበላለሁ?

ከላይ ፎቅ የምትኖረውን ጸጉር ሠሪ በሙዚቃዋ የተነሳ ካኮረፍኳት ቆይቻለሁ። ከደረጃው ሥር ሆኜ «አንቺ ልጅ!» ብዬ ተጣራሁ።

«ኧረ ዛሬ ሙዚቃ አልከፈትኩም እትዬ!» አለች ከላይ።

«ሙዚቃሽን ተዪውና በፈጠረሽ ነይ፣ እግሬን እይልኝ።»

እየሮጠች ወረደች። ደግፋ አስገባችኝና ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እግሬን ጭኗ ላይ አደረገችው። የልብስ ስፒል እስከ አናቱ ገብቶበት ኖሯል። ስትነቅለው የተጨማደደው የእሷ ፊት ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ቁስል የዛሬ አይደለም፤ ዙሪያው ጠቁሯል። አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለችና በንጹሕ ጨርቅ ታስረው ጀመር። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ውይ! አሳመምኩዎት?»

«ኧረ አላመመኝም» አልኳት።

ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰው ነክቶኝ አያውቅም። ይኸው ዛሬ አንዲት ልጅ እግሬን በሁለት እጇ አቅፋ ይዛዋለች፤ በዓይኔ አያለሁ። እጇ ይሙቅ ይቀዝቅዝ ግን አላውቅም።