ጆንያ ውስጥ የተቀበረው ላፕቶፕ

ያን ሳምንት እኔና ባሌ እንዳላማው የተነጋገርነው "ጨው አቀብዪኝ" እና "በሩን ዝጋ" ብቻ ነው። ባሕር ዳር ለሥራ ተወዳድሬ አልፌ፣ እሱ "ከሄድሽ ትዳር የሚባል የለም" ብሎ አኩርፎኝ።

መልሴን ቅዳሜ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የቀጣሪዎቹ ድረ ገጽ ላይ ገብቼ መጻፍ አለብኝ። እኔ ሞኟ ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቼ "አልመጣም" ልላቸው ቆርጬ ነበር። ዝም ብሎ መቅረት ደግሞ ነውር ነው፤ ሰው አክብሮ ጠርቶኛል። ለእንዳላማው አልነገርሁትም። ልኬ ስጨርስ ነግሬው ያ የተቋጠረ ፊቱ ሲፈታ ማየት አማረኝ።

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ላፕቶፔ ጠረጴዛው ላይ የለም።

"ላፕቶፑስ?"

"ሻይ ተደፋበት" አለ፣ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል። "እርጥበቱን እንዲመጥ ጤፉ ውስጥ ቀብሬዋለሁ። ሰው ሩዝ ውስጥ ሲከት አላየሽም? እኛ ሩዝ የለን።"

"ማን ደፋው?"

"ተደፋ አልሁሽ እኮ!"

ተደፋ! ሻዩ በገዛ እግሩ ሄዶ! እናቱ ከቁይ ከላኩልን ነጭ ጤፍ ጆንያ ውስጥ እጄን እስከ ክንዴ ከትቼ አወጣሁት። ስከፍተው አንዱ ፊደል ተጭኖ ቀርቷል፤ የይለፍ ቃሌን ልጽፍ ስል ያው ፊደል ብቻውን ሳጥኑን ይሞላዋል። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ጠጋኙ ቅዳሜ ከሰዓት አይከፍትም። የእኔ ስልክ ለመደወል ብቻ ነው፤ የእሱን ደግሞ ሞቼ አልለምንም።

"ተይው፤ ከነካካሽው ጭራሽ ይበላሻል" አለ።

"አፍህን ዝጋልኝ!"

አጠፋሁት። ስፌት የምሰፋበትን ወስፌ አምጥቼ የኪቦርዱን ፊደሎች አንድ በአንድ እየፈነቀልሁ አነሳሁ። ከእያንዳንዱ ሥር ጤፍ! ባሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠርጌ ነጭ ወረቀት ላይ ባራግፈው ኮለል ብሎ ወረደ። ደረቅ ነው። ይሄ ሰውዬ ሻይ የሚጠጣው በሦስት ማንኪያ ስኳር ነው።

"እንዳላማው፣ ና እስኪ። ሻዩ የታለ?"

"ጤፉ መጠጠዋ።"

"ስኳሩንም መጠጠው? አንድ የተጣበቀ ፍሬ አሳየኝና እግርህ ላይ እወድቃለሁ። አንተ የገበሬ ልጅ አይደለህም? ጤፍ ጣፋጭ ነገር ሲነካው ምን እንደሚሆን አታውቅም?"

ወረቀቱን አየ፤ ማጅራቱን አከከ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

"ሰዓቱ እንዲያልፍብሽ ብዬ ነው" አለ በመጨረሻ። "እንዳትሄጂብኝ።"

ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ አንዴ "አትሂጂብኝ" ብሎ ቢለምነኝ ምን ነበረበት? አስፈራራ፣ አኮረፈ፣ በጤፍ ቀበረኝ። መለመን ግን ከበደው።

ፊደሎቹን እየተጫንሁ መለስኋቸው። አንዱ ክዳን ተሰብሮ ቀረ። ሳበራው የይለፍ ቃሌን ተቀበለኝ። አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። እንዳላማው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

"ምን ልትጽፊ ነው?"

"ጠዋት 'አልመጣም' ልላቸው ነበር" አልሁት። "ለአንተ ብዬ።"

ፊቱ ዐመድ መሰለ። "አሁንስ?"

ክዳን ያጣውን ፊደል በጣቴ ጫን አድርጌ፣ እሱ እያየ፣ "እመጣለሁ" ብዬ ላክሁ።