መብራት ያዡ

ይሄዳል ብርሃኑ… ግድግዳውን እየዳበሰ፣ ጣሪያውን እየነካ፣ ከዓለቱ ላይ ወደ ውሃው እየወረደ። ይሄዳል… የያዘው ሰው ግን አይታይም።

ብርሃን አለ… ሰው የለም።

ከፊቴ የተዘረጉት ፎቶዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ፣ አልጋው ላይ፣ ወለሉ ላይ ዘርግቻቸዋለሁ። የዋሻ ፎቶዎች ናቸው፤ እኔ ያነሳኋቸው፣ ይርዳው ያበራቸው። በሁሉም ውስጥ ነበረ፤ በአንዳቸውም ውስጥ የለም።

ይርዳው ሞተ። በክረምቱ መውጫ፣ ጉበቱን ታሞ፣ ማንንም ብዙ ሳያስቸግር። ሳያስቸግር መሄዱ እስካሁን ያናድደኛል።

እናቱ እማማ አሰገደች ለቅሶው ላይ ወደ ድንኳኑ ጥግ ጠርተው እጄን ያዙኝ።

«ውባለም ልጄ፣ ለአርባው የሚቀመጥ ፎቶ አምጪልኝ። አንቺ ጋ መቼም አይጠፋም።»

እኔ ጋ! ዕድሜዬን ሁሉ ካሜራ ተሸክሜ የዞርኩት ሴት ጋ፣ ከእሱ ጋር ስንቱን ዋሻ የገባሁት ሴት ጋ… እንዴት ይጠፋል?

«አይጠፋም እማማ» አልኩ።

ጠፋ።

ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። ሠርግ ላይ ካሜራ ካየ ወደ ጓዳ ይገባል። የመታወቂያውን ጉርድ ፎቶ ዘመዶቹ ፎቶ ቤት ወስደው ሲያስተልቁት ፊቱ ተበታትኖ ሌላ ሰው ሆነ። እማማ አሰገደች አዩትና «ይሄ ቀበሌ የሚያውቀው ይርዳው ነው፤ የኔን አምጡልኝ» ብለው መለሱት።

የእሳቸውን ይርዳው ነው እንግዲህ የምፈልገው… ከብርሃኑ መሃል፣ ከዓለቱ መሃል።

እንዲህ ነበር የምንሠራው። ዋሻ ውስጥ ፀሐይ የለም፣ መስኮት የለም፣ ካሜራም እንደ ሰው ዕውር ነው። ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቆመዋለሁ፣ ዓይኑን እከፍትለታለሁ፣ ሳልዘጋው እቆያለሁ። ያኔ ይርዳው ባትሪውን ይዞ ይሄዳል። ቤት እንደሚቀባ ሰው ዋሻውን በብርሃን ይቀባዋል። እየሄደ እስካለ ድረስ ካሜራው እሱን አያየውም፤ ያበራውን ብቻ ያያል። ከቆመ ግን ይያዛል፤ ፎቶውም ተበላሸ ማለት ነው።

ስለዚህ ከጨለማው ውስጥ ሆኜ የምለው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር።

አትቁም ይርዳው… አትቁም።

በሥራ ቀን የሰው ቤት የመብራት መስመር ይዘረጋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ጨለማ ይገባል። «ደንበኞቼ ቢያዩኝ ለዋሻም መስመር ሊያስገባ ነው ይላሉ» እያለ ይስቃል። ሳቁ ወፍራም ነበር፣ ከሆዱ የሚነሳ፤ ዋሻው ተቀብሎ ደጋግሞ ይስቀው ነበር። ሰዎች ወንድምሽ ነው ወይ ሲሉኝ ወሬ እለውጣለሁ፣ ባልሽ ነው ወይ ሲሉኝም ወሬ እለውጣለሁ። እወደው ነበር። እሱም ሳያውቅ አልቀረም።

ናፈቀኝ… ሳቁ ናፈቀኝ፣ የቡትስ ጫማው ድምፅ ናፈቀኝ፣ ከፊቴ ከፊቴ የሚሄደው ብርሃኑ ናፈቀኝ።

ከአንድ ሸለቆ አፋፍ ላይ ሁለት ዋሻዎች ነበሩ፣ ላይኛውና ታችኛው። በላይኛው የገባ ውሃ በታችኛው ይወጣል ይላሉ የአገሩ ሰዎች። «ውሃ ካለፈ እኛስ ምን ያግደናል?» አለ ይርዳው። ከስንት ቅዳሜ ፍለጋ በኋላ መገናኛውን አገኘነው… በሆድ የሚኬድበት፣ ከትከሻ የማይሰፋ፣ ጭቃ የሞላው ቀዳዳ።

ጭቃው… ቀይ ነበር፣ ቀዝቃዛ ነበር፣ ክርን ይዞ አልለቅም የሚል ነበር። በአንገት ይገባል፣ በእጅጌ ይወርዳል፣ ጥርስ ስር ይንኮሻኮሻል። ዛሬ ያ ጭቃ ይናፈቃል ቢሉኝ ማን ያምናል? ይናፈቃል።

ቀጭኗ እኔ ስለሆንኩ ቀድሜ አለፍኩ። ሦስት እግር የሚቆምበት ቦታ አልነበረም። ካሜራውን ከተጠቀለለበት ፌስታል አውጥቼ የጭቃ ክምር ላይ አስቀመጥኩት፣ ፊቱን ወደመጣሁበት አዙሬ። ግንባሬ ላይ ያለውን መብራት አጠፋሁ፣ የካሜራውን ዓይን ከፈትኩ።

«ና!» አልኩ።

መጣ ብርሃኑ… ከጠባቡ ውስጥ፣ ከጭቃው ውስጥ፣ ቀስ እያለ። ቀላ ግድግዳው፣ ቀላ ጣሪያው። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሚነጋ መሰለኝ።

አትቁም ይርዳው… አትቁም።

ቆመ።

«ምነው?» አልኩ።

«ደረቴ አላልፍ አለ።»

«አትቀልድ!»

«እናቴ ናት፤ ገንፎ እያበዛች…»

ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ከሆዱ ተነሳ፣ ደረቱ ጋ ሲደርስ መውጫ አጣ፣ ፊቱ ላይ ብቻ ቀረ። ባትሪው ከእጁ ወድቆ ጭቃው ላይ ተኛ። «አትቁም እያልኩህ!» ብዬ ጮህኩ። አልተንቀሳቀሰም። ፎቶው ተበላሸ ብዬ ተናድጄ የካሜራውን ዓይን ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ነው የምር መጣበቁ የገባኝ።

ፈራሁ። ከላዩ ተራራው፣ ከሥሩ ጭቃው፣ መሃል እሱ። ዝናብ ቢመጣስ… ብቻዬን ብወጣስ… ለእናቱ ምን እላለሁ? በሆዴ ተስቤ ሁለቱንም እጆቹን ያዝኩ። እጆቹ ሞቀው ነበር።

«ትንፋሽህን አውጣ» አልኩት። «ያለህን ሁሉ አውጣ።»

አወጣ። ሳብኩት። አወጣ… ሳብኩት። ጭቃው እንደ ሊጥ ተጎተተ፣ ተጎተተና ለቀቀው። ያ ታፍኖ የቆየ ሳቅ ያኔ ወጣ፤ ላይኛው ዋሻ ሳቀ፣ ታችኛው ዋሻ ሳቀ፣ እኔ አለቀስኩ።

እሱ መች አርፎ! ጃኬቱን አውልቆ ተመልሶ ገባ። «በይ ክፈቺው፣ አሁን አልቆምም» አለኝ። እውነትም አልቆመም። ያኛው ፎቶ አማረ፤ አሳትሜ ለሰው አሳየሁት፣ ሰው ሁሉ ወደደው። ብርሃን አለበት፣ ሰው የለበትም።

የተበላሸውን በካሜራው ስክሪን ላይ ሲያየው ፊቱን አጨማደደ። «ይቺን ደምስሻት፤ ከጭቃ የወጣ ጅብ መስያለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ አልኩ እንጂ አልደመሰስኳትም።

አርባው ሲቃረብ ወረቀት ላይ ያልወጡትንም ከኮምፒውተሬ ከፍቼ እንደገና ሳይ፣ ከሚያምሩት ሥር አገኘኋት።

ቆሟል ብርሃኑ… ጭቃው ላይ ተኝቶ፣ ከቀዩ ግድግዳ ተመልሶ፣ ፊቱ ላይ አርፎ። ቆሟል… ግንባሩ ጭቃ፣ ጉንጩ ጭቃ፣ ዓይኖቹ ወደ እኔ፣ ሳቁ ከንፈሩ ላይ።

ብርሃን አለ… ሰውም አለ።

አሳተምኳት፣ በመስታወት ፍሬም አስገባኋት፣ ተሸክሜ ሄድኩ። የሞተ ልጅን ከጉድጓድ ውስጥ፣ በጭቃ ተለውሶ ለእናቱ ማሳየት… ምን ዓይነት ሰው ያደርገዋል? ከበራቸው ልመለስ ሁሉ አስቤ ነበር።

እማማ አሰገደች ፎቶውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ በምራቃቸው አራሱና መስታወቱን ይጠርጉት ጀመር… ግንባሩ ላይ ያለውን ጭቃ፣ ጉንጩ ላይ ያለውን ጭቃ፣ አገጩ ሥር ያለውን። ትንሽ ልጅ ሆኖ ከውጭ ሲገባ እንዲህ ሲጠርጉት ኖረው ይሆናል። አይለቅም እማማ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«ሳቁን አፍኖታል» አሉ፣ እየጠረጉ። «ምን ብለሽው ነው?»

«እንዳይቆም ነበር የምነግረው እማማ። አትቁም… አትቁም እያልኩ።»

ፎቶውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«እንኳን አልሰማሽ» አሉ።